ከሳህኑ ወዲህ

ፈላስፋ የሚባል ሰው ቤቴ ይገባል ብዬ በሕልሜም አስቤ አላውቅም። ገባ። ለዚያውም በልጄ በኩል።

ፊደል ያስቆጠረኝ እሱ ነው። ኮሌጅ ውስጥ ፍልስፍና ያስተምራል፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በሴቶች ማኅበሩ አዳራሽ እኛን ዐሥራ አንድ እናቶችን በነፃ ያስተምራል። ሱሪው ሁልጊዜ በጠመኔ እንደነጣ ነው። ራሱን ማራገፍ ያልቻለ ሰው ስለ ሰው ልጅ ያስተምራል ብዬ በሆዴ እስቅበት ነበር።

አንድ ቅዳሜ ልጄ ልትወስደኝ መጣች። በሩ ላይ ቆማ ስትጠብቀኝ ከኋላው ሳለችው፤ የነጣውን ሱሪ ጭምር። እናቶቹ ወረቀቱን እየተቀባበሉ ሲስቁ መጥቶ አየው።

«ይሄ እኔ ነኝ?»

«ግማሽህ ነህ። ሌላው ግማሽህ ሰሌዳ ያያል።»

ሳቀና ቀና ብሎ አያት። እሷም አየችው፤ ቶሎ አቀረቀረች። እኔ ሁለቱንም አየሁ። እናት ነኝ፤ ሥራዬ ማየት ነው።

ልጄ ከምግብ ጋር ከተጣላች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። መጀመሪያ ስትከሳ አክስቷ፣ የባሌ እኅት፣ «ወይ ማማር! ምን ሠርተሽ ነው? ለእኔም ንገሪኝ» ብላ አገላብጣ ሳመቻት። ሆስፒታል ስትተኛ ያቺው አክስት አልጋዋ ሥር ቆማ «ምን ጎድሎባት ነው?» አለች። ሐኪሙ ደግሞ ከሚዛኑ ቀና ብሎ የልጄን ፊት አይቶ አያውቅም። ሚዛኑን ቢያገባ ይሻለው ነበር።

ያን ሰሞን ማኅበሩ ስለዚህ ሕመም ለተማሪዎች የምትታደል ትንሽ መጽሐፍ ለማዘጋጀት ወሰነ። ጽሑፉ ለፈላስፋው፣ ሥዕሉ ለልጄ ተሰጠ። የሚያሳትምልን መሥሪያ ቤት ኃላፊ፣ ከረባቱ ከአንገቱ የሚሰፋ ሰውዬ፣ መስታወት ፊት የቆመች ልጅ ፎቶ ይዞ መጣ።

«እንዲህ ሳይልኝ። አጥንቷ ይታይ። ፊቷን ግን ቆንጆ አድርጊው፤ ሰው እንዲያነሣው።»

በሽተኛዋም ለዓይን ማማር አለባት!

እሑድ እሑድ ሁለቱ እኛ ቤት፣ ጠረጴዛችን ላይ ይሠሩ ጀመር።

«ሁሉም መስታወት፣ መስታወት ይላል» አላት አንድ ቀን። «እውነት አንቺ የምታይው መስታወት ነው?»

«መስታወቱንማ እማ አውጥታ ጥላዋለች።»

«ታዲያ ምን ታያለሽ?»

እርሳሱን በጣቷ ታሽከረክር ጀመር። እሱም አላጣደፋትም። ዝም ማለት ያውቅበታል፤ ይህችን ሙያውን እንኳ አልነፍገውም። እርሳሱ ሲወድቅ ሁለቱም ጎንበስ አሉ፤ ለማንሣት ግን ብዙ ቆዩ።

ከዚያ አበላሸው። ሾርባ አቀረብኩ። ልጄ ማንኪያውን ስታነሣ ብዕሩን አስቀመጠ፤ ዓይኑ ማንኪያውን እስከ አፏ ተከትሎ ሄደ።

«አንዴ ብቻ ድገሚ፤ ለእኔ ስትይ።»

ማንኪያውን መለሰችው። «አንተም ቆጠርክ?»

«ስለምወድሽ ነው!»

«ሐኪሙም ለጤናዬ ነው። አክስቴም ለመልኬ ነው። ምክንያት የሌለው ሰው ስንት ነው?»

ክፍሏ ገብታ ዘጋችው። እሱም ጃንጥላውን ረስቶ ወጣ። ያን ሁሉ መጽሐፍ አንብቦ ማንኪያ በመቁጠር ከእኔ ከመሃይሟ እኩል ሆኖ አረፈው! በጣም ናቅኩት።

ሦስት ሳምንት ሳይገናኙ ቀሩ። እሱ ሰሌዳ ላይ የጻፈውን ሳናነብ ያጠፋዋል። ልጄ ደግሞ ጉንጯ እንደገና ይጎደጉድ ጀመር። ሆስፒታሉ በዓይኔ ላይ ይመጣብኛል።

አንድ ጠዋት ጠረጴዛው ላይ ሥዕል አገኘሁ። ልጅቷ የለችበትም። ከታች የሳህን ጠርዝ ብቻ ይታያል። ከሳህኑ ማዶ ወደ ፊት ያጎነበሱ ፊቶች አሉ፤ አክስቷ፣ ሐኪሙ፣ ከረባቱ፣ ማንኪያ የሚከተለው ፈላስፋ። መሐል ላይ፣ ከሁሉም ገዝፋ፣ ዓይኗ የፈጠጠ፣ ከንፈሯ የሚቆጥር ሴት። እኔ ነኝ። ከሥሩ የተጻፈውን ፊደል በፊደል አነበብኩት፦ «ከሳህኑ ወዲህ ሰው አለ።»

ሁሉንም እየናቅኩ ከርሜ ለካ ዋናዋ እኔው ነበርኩ።

«አነበብሽው?» አለች ከኋላዬ። «ተቀየምሽኝ?»

«አፍንጫዬ የእውነት ይሄን ያህላል?»

ሳቀች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያልሰማሁት ሳቅ ነው።

በማኅበሩ አዳራሽ ኃላፊው ሥዕሉን ገለባብጦ አየው። «ልጅቷስ የታለች?»

«እያየችዎት ነው» አለች ልጄ።

«ይሄ አይታተምም!»

ፈላስፋው ከኋላ ወንበር ተነሣ። «እንግዲያው ጽሑፌም አይታተምም።» ሥዕሉ ላይ ራሱን አይቶታል፤ ጆሮው ቀልቷል፤ ግን አልተቀመጠም።

እኛ ዐሥራ አንዳችን ሥዕሉን ሽፋን አድርገን መጽሐፏን በማኅበሩ ማባዣ ማሽን አባዛናት፤ በእጃችን አጥፈን፣ ሰፍተን፣ የየትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመን አደልን። ገና ፊደል የምንቆጥር ሴቶች መጽሐፍ አወጣን። ከረባቱ ይፈር!

በዚያው ሳምንት እሑድ ፈላስፋው ጃንጥላውን ሊወስድ መጣ። ዝናብ አልነበረም። ምሳ ቀርቧል። በልጄ ትይዩ የተቀመጠለትን ወንበር አንሥቶ ጠረጴዛውን ዞረና ከጎኗ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አድርጎ ተቀመጠ።

«ይቅርታ» አላት። ሌላ አልጨመረም። ከዚያ የራሱን ሳህን ይዞ፣ ክፍል ውስጥ ስላንኮራፋ ተማሪ ማውራት ጀመረ።

እኔም ወንበሬን ጎትቼ በሌላው ጎኗ ተቀመጥኩ።

ልጄ አንዴ ወደ እሱ፣ አንዴ ወደ እኔ ዞረች። «አውቶቡስ ተሳፍረናል እንዴ?»

«ወራጅ ካለ ይናገር» አላት።

ትከሻዋ ትከሻውን እስኪነካ ተጠጋችው። «ወራጅ የለም።»

ሕመሙ በአንድ እሑድ አልጠፋም፤ ፊቷን የምታይ ሌላ ሐኪም አገኘን፤ ረጅም ጊዜም ፈጀ። ከሁለት ዓመት በኋላ ተጋቡ። በሠርጉ ቀን አክስቷ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ሙሽራዋ ትንሽ ሞላ አላለችም?» አለችኝ። መጽሐፏን አስጨበጥኳት። «ሽፋኑ ላይ አለሽ፤ ከግራ ሁለተኛዋ።»

ያን እሑድ ታዲያ በላች ወይ የሚሉኝ አሉ። አላውቅም። እኔ መስኮቱን ነበር የማየው።