አንድ ማንኪያ ዘይት

ነርሷ ሕፃኑን ከሚዛኑ አነሳችው። «ባለፈው ወርም ስምንት ኪሎ፣ ዛሬም ስምንት። ጎረምሳው፣ ምግብህን ለማን ነው የምታካፍለው?» አለችና ወደ እናትየው ዞረች። «ገንፎው ላይ ዘይት ጠብ ታደርጊበታለሽ?»

«እንዴታ! በየቀኑ አንድ ማንኪያ። እኔ ሥራ ስገባ እህቱ ናት የምታበላው፤ እንደ ዓይኗ ብሌን ነው የምታየው።»

አጠገባቸው የቆመችው እህቱ አንገቷን ደፋች።

ሁለት ወር ሙሉ አንድም ቀን ዘይት አልጨመረችም። አባቷ ደረቱን ይዞ ከወደቀ ወዲህ ዘይት ስታይ ልቧ ድንግጥ ይላል። ከሆስፒታል ሲወጣ የተሰጠውን ወረቀት ጮክ ብላ ያነበበችው እሷ ነበረች፤ «ቅባት ይቀንሱ» ይላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከወንድሟ ወተት ላይ ስልባቦቱን ገፈፈች፤ ከእንቁላሉም አስኳሉን እያወጣች ጣለች። «ያንተ ልብ እንደ አባዬ አይታመምም» እያለች ነበር የምታበላው።

«ዘይቱን እየበላ ካልጨመረ ሌላ በሽታ ሊሆን ይችላል። ደም ይወሰድለት» አለችና ነርሷ መርፌ አነሳች።

የእናቷ ፊት አመድ መሰለ። «የኔ ጥፋት ነው። ሥራ ሥራ ብዬ ጡት ቶሎ አስጣልኩት።»

ልጅቷ የወንድሟን ቀጭን ክንድ አየች።

«ሲስተር፣ ቆይ! ዘይቱን አልጨመርኩም። እማዬ አታውቅም።»

«ምን አልሽ?» አለች እናቷ።

«ልቡን እንዳያመው ብዬ ነው... አባዬ ከሆስፒታል ሲወጣ የተሰጠው ወረቀት ‹ቅባት ይቀንሱ› ይላል።»

ነርሷ መርፌውን መለሰች። «ያ ወረቀት የአባትሽ ነው፤ እሱም ቀንስ እንጂ ጨርሰህ ተው አልተባለም። ይሄ ግን ገና ዓመት ተኩሉ ነው። አንጎሉ እንዲያድግ ቅባት ይፈልጋል። ሆዱም ትንሽ ስለሆነች፣ ጥቂት በልቶ ብዙ ጉልበት ማግኘት አለበት። ዘይት፣ አስኳል፣ አቮካዶ፣ በደንብ የላመ ለውዝ ስጪው። በሁለት ሳምንት መልሳችሁ አምጡት።»

እናቷ ሕፃኑን አቅፋ እስከ ቤት ድረስ ከፊት ከፊት ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት ገንፎው እንደወጣ እናቷ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወደ ማድቤት ገባች። የዘይቱን ጠርሙስ አንስታ ከፈተችው። ገንፎው ላይ ልታፈስ አዘነበለችውና መልሳ ቀና አደረገችው። ከዚያ ጠርሙሱን ከልጅቷ እጅ አጠገብ አስቀመጠችና «ረፈደብኝ» ብላ ወጣች።

ልጅቷ ማንኪያውን እስከ አፉ ሞላችና ገንፎው ላይ ገለበጠችው። ወንድሟ ሳህኑን ጠራርጎ ሲጨርስ እስክሪብቶ ፈለገች፤ ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው የሆስፒታል ወረቀት አናት ላይም በትልልቅ ፊደል «የአባዬ ብቻ» ብላ ጻፈች።