ጉድጓድ ቁጥር ሰባት

ጉድጓድ ቁጥር ሰባት ገብስ ገብስ ይሸታል።

የሻረግ ከታች ቆማ የሜትሩን ጫፍ በእግሯ አውራ ጣት ረግጣ ይዛለች። ከላይ ቃልኪዳን ተንበርክካ ቁጥሩን ታነባለች። ፀሐይዋ ከበስተኋላዋ ስለሆነች ፊቷ አይታይም፤ የሚታየው ወደ ጉድጓዱ የተንጠለጠለው ሹሩባዋ ነው።

«ሁለት ሜትር ከአምስት!» ብላ ጮኸች። «ጻፊ!»

«በምን ላይ ልጻፍ? መጀመሪያ አውጪኝ።»

«ሳትጽፊ አትወጪም።»

ቀልድ ነው። ቢሆንም ቃልኪዳን እጇን ለመስጠት ትንሽ ዘገየች።

ከምንጩ እስከ ወይራ አፋፍ መንደር ድረስ አሥራ አራት የሙከራ ጉድጓድ እንዲቆፈር ከታዘዘ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ቧንቧ ከመዘርጋቱ በፊት ከመሬቱ ሥር ያለው ነገር መታወቅ አለበት፤ አፈር ከሆነ አፈር፣ አለት ከሆነ አለት። ኢንጂነር እንዳልካቸው በየቦታው ችካል ተክሎ፣ ቁፋሮውን ለጎልማሶቹ፣ መለካቱንና መመዝገቡን ደግሞ ከሚማሩበት ከወገዳ ከተማ ለእረፍት ለመጡት ሁለት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ሰጥቶ ሄደ። ቃልኪዳን ትለካለች፣ የሻረግ ትጽፋለች። ሁለቱም በጉብዝናቸው የተመረጡ መስሏቸው ነበር። ኋላ እንደተሰማው ግን ኢንጂነሩ የጠየቀው «ጽሑፉ የሚነበብ ሰው አለ?» ብሎ ብቻ ነው።

አሥራ ሦስቱ ጉድጓዶች ያለ ችግር ወረዱ። የሰባተኛው ችካል ግን ከአያ እንየው ማሳ በላይ ጭንጫው ላይ አረፈ። አያ እንየው የቃልኪዳን አባት ነው፤ የቆፋሪዎቹም አለቃ። ጥር ሃያ ከሰዓት በኋላ ዶማውን አነሳ። አርባ ሳንቲሜትር ላይ ዶማው «ቃ!» አለ። ወደ ቀኝ ፈቀቅ ብሎ መታ። ቃ። ወደ ግራ። ቃ። የየሻረግ አባት ክንዱ ዲጂኖ አምጥቶ ከነሙሉ ጉልበቱ ሰነዘረ፤ ዲጂኖው ነጥሮ ተመልሶ ራሱን ሊመታው ምንም አልቀረው።

«ወደቀ» አለ አያ እንየው፣ ጉድጓዱ ፈተና የተቀመጠ ይመስል።

ነገ ይቀጥላል እንዳይባል፣ ነገ ጥር ሃያ አንድ አስተርእዮ ማርያም ነው። ሃያ ሁለት ዑራኤል። ሃያ ሦስት ጊዮርጊስ። ሃያ አራት ተክለ ሃይማኖት። በነዚህ ቀናት መሬት የቆፈረ ሰው፣ በክረምት በረዶ በወረደ ቁጥር ስሙ ይነሳል። ኢንጂነሩ የሚመጣው ደግሞ ሃያ ሁለት ጠዋት ነው። መሥሪያ ቤት የሚሰቀለው ካላንደር ሁሉንም ቅዱሳን አያውቃቸውም።

መላ የመጣው ከአያ እንየው ነው። ማሳው ጫፍ ላይ አባቱ እህል ያስቀምጡበት የነበረ ጉድጓድ አለ፤ ጆንያና የቆርቆሮ ጎተራ ከመጣ ወዲህ ማንም አልነካውም። ጥልቀቱ ሁለት ሜትር ነው። በማርያም ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ አያ እንየው መሪጌታ ወልደ ሩፋኤልን አስቆመ።

«የኔታ፣ በበዓል የቆየ ጉድጓድ መጥረግ ኃጢአት አለው?»

መሪጌታ ጥያቄው ከየት እንደመጣ ስላልገባቸው ጥቂት አሰቡ። «ቤትህ በበዓል አይጠረግም?»

«ይጠረጋል።»

«እንግዲያው ጉድጓዱስ ምን አጠፋ?»

ስለዚህ አልቆፈሩም፤ ጠረጉ። አፉ እንደ እንስራ አንገት ጠባብ ነበርና አሰፉት፤ ይህ ጥገና ተባለ። የግድግዳውን የእበት ልስን ፍቀው አራገፉ፤ ይህ ጽዳት ነው። ችካሉን ነቅለው ሠላሳ ሁለት እርምጃ ወደ ታች አምጥተው ተከሉ። ለዚህኛው ስም አላወጡለትም። እውነተኛዋን የአርባ ሳንቲሜትር ጉድጓድ በእሾህ ከደኗት፣ ከብት እንዳይሰበርባት ብለው።

የሻረግ ከጉድጓዱ ወጥታ ቀሚሷን አራገፈች። ፎርሙን ከጉልበቷ ላይ ዘረጋች፣ እስክሪብቶውን ከፈተች፣ መልሳ ከደነች። ተነሳች። ተቀመጠች።

«ምን ሆነሻል? ጉንዳን ላይ ነው እንዴ የተቀመጥሽው?» አለች ቃልኪዳን።

«ይሄን አንብቢው እስቲ። ከሥር ያለውን።»

«አቦ፣ በእረፍት ጊዜ አታስነብቢኝ።»

«‹ጥልቀት፦ ሁለት ሜትር፣ ወይም አለት እስኪገኝ› ነው የሚለው። አየሽ? አርባ ሳንቲሜትሩ አልወደቀም። አለት ከተገኘ በቃ፣ አለቀ ማለት ነው። ልክ ነበርን።»

ቃልኪዳን ፎርሙን ሳይሆን የሻረግን አየች። «እሺ፣ አለት ብለን ጻፍን። ከዚያስ? መስመሩ በታች ሜዳ ይዞራል። እዚያ ሄደሽ ልትቀጂ ነው?»

ይህ ነው ነገሩ። ኢንጂነሩ የመጀመሪያ ቀን፣ በላይ በኩል አለት ከበዛ መስመሩ በታች ሜዳ መንደር በኩል ሊዞር እንደሚችል ተናግሮ ነበር። ያ ከሆነ ወይራ አፋፍ ውሃ አያገኝም። ሰዉ ይህን ከሰማ ወዲህ አፉ ላይ ሌላ ወሬ የለም።

«የናቴን ወገብ ታውቂዋለሽ» አለች ቃልኪዳን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ከምንጩ አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ ጀሪካን ተሸክማ፣ ዳገቱን። እኔ ወገዳ ስሆን ማነው የሚቀዳላት?»

የሻረግ ታውቃለች። የራሷም እናት ያንኑ ዳገት ነው የምትወጣው።

«ማዶ ያለውን ቦኖስ ረሳሽው?» አለች። «ቆፍረው ቆፍረው ያላሰቡት አለት ሲያገኙ ቧንቧውን እላዩ ላይ አስተኝተው አፈር አለበሱት። አንድ ክረምት አጠበው፣ ከብት ረገጠው፣ ተሰበረ። አሁን ቦኖው ላይ በቅሎ ነው የሚታሰርበት።»

«ቢያንስ የበቅሎ ማሰሪያ አላቸው። እኛ እሱም የለንም።»

የሻረግ ሳቀች፤ መሳቋ አናደዳት። ቃልኪዳን ይህን ስታይ እስክሪብቶውን ከእጇ ነጥቃ፣ ፎርሙን ሳብ አድርጋ፣ ሰባት ቁጥር ትይዩ «2.05፣ ቡናማ አፈር» ብላ ጻፈች። ከየሻረግ ጽሑፍ አጠገብ ሲታይ ዶሮ የጫረው ይመስላል።

«በቃ! አንቺ አልጻፍሽም፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት። ደስ አለሽ? ነገር አታካብጂ።»

አያ እንየው ከታች ስለጠራት ሮጣ ወረደች።

ኢንጂነሩ እስኪመጣ አንድ ሰዓት ይቀራል። የሻረግ መቀመጥ አልቻለችም። ከአዲሱ ችካል ወደ እሾሁ ሄደች፤ ከእሾሁ ወደ ችካሉ ተመለሰች። ሦስተኛ ጊዜ ስትመላለስ አባቷ ችካሉ ሥር ጥሎት የሄደውን ዲጂኖ አየች። አንስታ መሬቱን ወጋችው። ገባ። አንድ እርምጃ ወደ ላይ ሄዳ ወጋች። ገባ። ዛሬ ዑራኤል መሆኑ ትዝ አላት። ትልልቆቹ ከጠረጉ እሷም ብትወጋ ምን አለበት ብላ ቀጠለች። ሃያ ስድስተኛው እርምጃ ላይ ክንዷ እስከ ትከሻዋ ነዘራት። ቃ።

ከዚያ በኋላ በየእርምጃው ቃ፣ ቃ፣ ቃ እያለ ሄደ። እሾሁን አለፈች። አሁንም ቃ። ከእሾሁ ማዶ አምስት እርምጃ ሄዳ ስትወጋ ዲጂኖው ዝም ብሎ ሰመጠ።

«ዛሬ ዑራኤል ነው» አለ ከኋላዋ አንድ ድምፅ። አባቷ ነው።

«እየቆፈርኩ አይደለም፣ አባዬ።»

«ታዲያ ምንድነው?»

«እየወጋሁ ነው።»

ክንዱ በጥርሱ የያዘውን እንጨት ከአንዱ ጉንጩ ወደ ሌላው አዛወረ። ቀዳዳዎቹን በዓይኑ ተከትሎ እስከ ታች አየ። «ስንት ሆነ?»

«አለቱ አሥራ አንድ እርምጃ ነው። ከዚያ ወዲያም ወዲህም አፈር ነው።»

«እንዴ! እህል የሚቀብር ሰው ድንጋይ ላይ ይቆፍራል? የእንየው አባት ያን ቦታ ያገኘው እንዳንቺው ሲወጋ ውሎ ነው።» ዲጂኖውን ተቀበላት።  ከዚያ «እኔ አላየሁሽም» ብሎ ወደ ታች ወረደ።

ኢንጂነር እንዳልካቸው በሞተር ብስክሌት ሲደርስ ቅንድቡ ሳይቀር አቧራ ለብሷል። ጉልበቱን ስላመመው ከሞተሩ አልወረደም። እዚያው እንደተቀመጠ አዲሱ ችካል አጠገብ ያለውን ጉድጓድ አሻግሮ አየ።

«ይሄ ያምራል። ከሁሉም ይሄ ያምራል» አለ።

አያ እንየው አቀርቅሮ መሬት መሬቱን አየ። ሌላ ጊዜ ሲመሰገን እንዲህ አይሽኮረመምም።

«በይ አንብቢልኝ፣ እዚህ ስልኬ ላይ ልሙላ። ወርጄ እንዳልለካ ጉልበቴ እምቢ ብሏል። የተጻፈውን ነው የምወስደው።»

የሻረግ ማንበብ ጀመረች። አንድ፣ ሁለት ሜትር፣ ጥቁር አፈር። ሁለት፣ ሁለት ሜትር ከሦስት፣ ጥቁር አፈር። ድምፅዋ እየፈጠነ መጣ፤ ኢንጂነሩ ሁለት ጊዜ «ቀስ» አላት። ስድስት ላይ ደረሰች። ስድስትን አነበበች። ቆመች።

«ሰባት?»

ቃልኪዳን ሜትሩን ጠቅልላ ጨርሳ፣ ዘርግታ እንደገና ትጠቀልላለች።

«ኢንጂነር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት? አለት ከተገኘ መስመሩ ይዞራል?»

«እኔ አላዞርም። የሚወስነው ቢሮው ነው። ሊዞር ይችላል፣ ላይዞርም ይችላል። ለምን?» ምላሹን አልጠበቀም። «ሰባት?»

ላይዞርም ይችላል። የሻረግ ከዚህ የተሻለ መልስ ፈልጋ ነበር። «አይዞርም» ቢላት ቀላል ነበር፤ «ይዞራል» ቢላትም ምናልባት ቀላል ነበር፣ በሌላ በኩል።  ከፎርሙ ላይ ያ የዶሮ ጭረት ያያታል። ማንበብ ብቻ ነው። እሷ አልጻፈችው።

«አርባ ሳንቲሜትር» አለች። «ከዚያ በታች አለት።»

ኢንጂነሩ ዓይኑን ከስልኩ አነሳ።

«ይሄ የእህል ጉድጓድ ነው። ችካሉ የነበረው እዚያ ላይ ነው፣ እሾሁ ጋ። አለቱ አሥራ አንድ እርምጃ ነው፤ በዲጂኖ ወግቼዋለሁ። ከዚያ ወዲያ አፈር ነው።» ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ አለችው።

ኢንጂነሩ ሞተሩን አጠፋ። እያነከሰ ወርዶ ወደ ጉድጓዱ አንገቱን አስገባ፣ አሸተተ። ቀና ሲል ወደ አያ እንየው ዞረ።

«እኛ ቆፈርነው አላልንም» አለ አያ እንየው። «ጠረግነው እንጂ።»

«መሪጌታንም ጠይቀናል» አለ ሌላ ቆፋሪ።

ኢንጂነሩ ፊቱን በእጁ መዳፍ ጠረገ፤ ይስቅ ይሆን ይቆጣ ይሆን አልታወቀም። ፎርሙን ከየሻረግ ተቀበለ። «እዚህ ላይ ሁለት ሜትር ከአምስት ይላል። ማነው የጻፈው?»

ቃልኪዳን መጠቅለሏን አቆመች።

«ፎርሙ የኔ ነው» አለች የሻረግ።

«እንግዲያው ሰርዢና ትክክለኛውን ከጎኑ ጻፊ። አሥራ አንዱን እርምጃም አስተያየት የሚለው ቦታ ላይ አስገቢ። ስርዝ ድልዝ ካለ ደግሞ ፊርማ ይፈልጋል። ስርዙ ላይ ትፈርሚያለሽ።»

ፊርማ የላትም። ክፍላቸው ውስጥ ደብተራቸው ጀርባ ላይ ሲፈርሙ የሚውሉ ልጆች አሉ፤ እሷ ለማን እፈርማለሁ ብላ ሞክራ አታውቅም። ፎርሙን ሞተሩ ወንበር ላይ አስደገፈች። የቃልኪዳንን ጽሑፍ በአንድ መስመር ሰረዘች። 0.40 አለት፣ ብላ ጻፈች። ስለ አሥራ አንዱ እርምጃ ጻፈች። ከዚያ በፊርማ ፋንታ ስሟን መጻፍ ጀመረች፣ ፊደል በፊደል።

«የሻረግ» ብላ ስትጨርስ እጇ ቆመ። የሚቀጥለው የአባቷ ስም ነው። ቀና ብላ ፈለገችው። ክንዱ ከቆፋሪዎቹ መካከል ቆሟል፤ አያ እንየው ጎን። ትናንት አብሮ ጠርጓል፤ ችካሉንም ከነቀሉት አንዱ እሱ ነው። ዓይን ለዓይን ተያዩ።  እንጨቱን ከጥርሱ አውጥቶ ጣለ፣ ከሰዎቹ መሀል ወጥቶ ወደ ላይ ወደ እሾሁ ሄደና ቅርንጫፎቹን አንድ በአንድ ማንሳት ጀመረ።

አያ እንየው አልተከተለውም። ቃልኪዳንም ቀና አላለችም።

የሻረግ ወደ ፎርሙ ጎንበስ አለች። «ክንዱ» ብላ ጻፈች፣ የሚነበብ አድርጋ።

«ስምንት?» አለ ኢንጂነሩ።