ሬህነር ወይስ ኮምፒዩተር

ጌዚነ ፖላንት ድሬስደን ከተማ በሚገኝ የኮምፒዩተር ፋብሪካ ውስጥ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለች ጠባብ ክፍል ትሠራ ነበር። ክፍሏ «የቃላት ክፍል» ትባላለች። ሥራዋ ከእንግሊዝኛ ለሚመጣው የቴክኒክ ቃል ሁሉ የጀርመንኛ ስም መፈለግ ነው። ክፍሏን ከሠላሳ ዓመት በፊት ያቋቋሙት አባቷ አቶ ኤበርሃርት ናቸው፤ ጡረታ ሲወጡ ቁልፉን ለእሷ አስረከቡ። እነሱ ቤት «ኮምፒዩተር» አይባልም። «ሬህነር» ነው የሚባለው፤ አስሊ እንደማለት።

ምሥራቅና ምዕራብ ጀርመንን የለየው ግንብ ከፈረሰ በሁለተኛው ዓመት፣ በጸደይ፣ አዲሶቹ የፋብሪካው ባለቤቶች ከሙኒክ አንድ ወጣት መሐንዲስ ላኩ። ኮርቢኒያን ዛይድል ይባላል። ሠራተኛውን ሊያሠለጥን ነው የመጣው። የማሠልጠኛ ጽሑፉን እንድታይለት ለጌዚነ ሰጣት፤ በማግስቱ ገጹ ሁሉ በቀይ ቀለም ተዥጎርጉሮ ተመለሰለት።

ተናዶ ሦስተኛ ፎቅ ወጣ። በሩ ላይ ሲደርስ ግን መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ አንድ ቃል ደጋግማ ጮክ ብላ ስትሞክር አገኛትና ንዴቱን ረሳው።

«ወይዘሪት ፖላንት፣ ‹ሶፍትዌር› የሚለውን ለምን ሰረዙት?»

«ሰው እንዲገባው ነዋ።»

«ሁሉም ሰው እኮ ይገባዋል።»

«እናትዎም?»

እናቱ ባቫሪያ ገጠር ላም የሚያረቡ ሴት ናቸው፤ የልጃቸውን ሥራ ለጎረቤት ማስረዳት ሲያቅታቸው «ከማሽን ጋር ነው የሚውለው» ይላሉ። ይህን ሲነግራት ጌዚነ ሳቀች። አብሯት ሲስቅ ቆየና፣ የመጣበትን ጉዳይ ሳይጨርስ ወረደ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ አንድ ቃል ይዞ ይመጣ ጀመር። ምስር ሾርባ እየበሉ ይከራከራሉ። በጀርመንኛ ስም ሁሉ ወይ ወንድ ነው፣ ወይ ሴት፣ ወይ ከሁለቱም ያልሆነ፤ ከውጭ የገባ ቃል ግን ጾታው አይታወቅም። ኢሜይል ሴት ናት ትላለች እሷ። በእኛ በባቫሪያ ሴትም ወንድም አይደለም ይላል እሱ። ሾርባው ይቀዘቅዛል። ሁለቱም ማሸነፍ እንደማይፈልጉ የገባቸው ቆይቶ ነው፤ ያሸነፈ ሰው በማግስቱ ለመምጣት ምክንያት አይኖረውማ።

ሰኔ ላይ አንድ ቀን ከሥራ ሲወጡ የኤልበን ወንዝ ዳር ይዘው ሄዱ። ዝናብ ሲጥል ድልድይ ሥር ተጠለሉ። «በርዶሻል» አላት።

«አንቺ» ብሏታል። በዚያ ፋብሪካ ሃያ ዓመት አብረው የሠሩ ሰዎች እንኳ «እርስዎ» ነበር የሚባባሉት።

«ይቅርታ፣ አምልጦኝ ነው» አለ።

«አይመልሱት።» ዓይኑን እያየች ጨመረች፤ «አትመልሰው።»

እነዚያ የሙቀት ወራት እንደዚያ አለፉ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ከአስተዳደሩ ደብዳቤ መጣ። የቃላት ክፍሉ ይዘጋል። ከደብዳቤው ጋር ምክንያቱ ተያይዟል፤ «ኢንዱስትሪው የእንግሊዝኛውን ቃል ተቀብሏል፤ ክፍሉ አያስፈልግም» የሚል የአንድ ገጽ ሪፖርት። ፊርማው የኮርቢኒያን ነበር። ቀኑ ድሬስደን በመጣ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ገና ሳያውቃት።

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት።

«መቼ ልትነግረኝ ነበር?»

«በየቀኑ።»

«የጻፍከው ውሸት ነው?»

ውሸት ነው ቢላት ምናልባት ይቅር ትለው ነበር። «አይደለም» አላት። «እውነት መስሎኝ ነው የጻፍኩት። አሁንም እውነት ይመስለኛል። አንቺን ግን አላውቅሽም ነበር።»

ጌዚነ ወረቀቱን አንሥታ ወጣች። አቶ ኤበርሃርት በሥራ ዘመናቸው በእጃቸው የጻፏቸውን አሥራ አንድ ሺህ የቃል ካርዶች በጎረቤት መኪና አምጥተው ከቤታቸው ሥር ባለው ምድር ቤት፣ ድንች ከሚቀመጥበት አጠገብ ደረደሯቸው። ኮርቢኒያን ወደ ሙኒክ ተመለሰ።

በየወሩ ይጽፍላት ነበር። ደብዳቤዎቹን ሁሉ አንብባለች፤ ለአንዱም አልመለሰችም። አባቷ ሪፖርቱን ካዩ በኋላ ስሙን እንኳ አንስተው አያውቁም፤ እሳቸው ፊት ለእሱ መጻፍ ክህደት መሰላት። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሥራ ያዘች። ከተማው ግን አላስረሳትም። ትራሙ ላይ፣ ሱቁ መስኮት ላይ፣ ጋዜጣው ላይ በየቀኑ አዲስ የእንግሊዝኛ ቃል ይለጠፋል፤ እያንዳንዱን ስታይ እሱ ምን ብሎ ይከራከረኝ ነበር ትላለች። አንዳንዴ መልሷን በልቧ አዘጋጅታ ሳለች የምትወርድበት ፌርማታ ያልፋታል።

በሦስተኛው ዓመት የመጨረሻው ደብዳቤ መጣ። ከኩባንያው ወጥቶ ፓሳው በምትባል ከተማ ትምህርት ቤት ማስተማር መጀመሩን ነገራት። «ከእንግዲህ አልጽፍም። የደከመኝ እንዳይመስልሽ። ዝምታሽን ማክበር ስላለብኝ ነው።» ከዚያ በኋላ የፖስታ ሳጥኑን መክፈት ፈራች።

በመከር አባቷ ልባቸውን ታመሙ። አንድ ቀን ትራሳቸውን ስታስተካክል፣ «የዚያ ልጅ ደብዳቤ ቆመ አይደል?» አሏት።

«አባዬ፣ ተወው እባክህ።»

«የጻፈው እውነት ነበር። ሠራተኛው ሬህነር የሚለው እኔ ስገባ ብቻ ነው። በሩን ዘግቼ ስወጣ ኮምፒዩተር ሲሉ እሰማ ነበር። ሃያ ዓመት ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሆንኩ። ልጁ በሳምንቱ ጻፈው።»

«ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልነገርከኝም?»

አቶ ኤበርሃርት ወደ ግድግዳው ዞሩ። «የዕድሜዬን ሥራ አጥቼ ነበር። አንቺንም ይዞብኝ እንዳይሄድ ፈራሁ።»

ጌዚነ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። በእሳቸው ተናዳ ነበር፤ እጃቸውን ግን አልለቀቀችም።

እሳቸው ትንሽ ሲሻላቸው፣ አንድ አርብ ንጋት ላይ ወደ ፓሳው ባቡር ተሳፈረች። ትምህርት ቤቱ ኮሪደር ላይ ቆማ ጠበቀችው። በሩ ሲከፈት እጁ በጠመኔ ነጥቶ ወጣ። ጠጉሩ ከጆሮው በላይ ሳስቷል። ሲያያት ቆመ፤ ተማሪዎቹ በግራ በቀኙ እየዞሩ አለፉ።

«ዘገየሁ?» አለችው።

«አዎ» አለ። ቀጥሎም፣ «ብቻዬን ነኝ» አላት።

ወንዙ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። አባቷ ያሉትን ነገረችው። አልተደሰተበትም፤ አንገቱን ደፍቶ ብቻ ሰማት። የመመለሻ ባቡርሽ ስንት ሰዓት ነው ሲላት አሥር ሰዓት ከሩብ አለችው። ክንዱ ክንዷን ነክቶ ነበር፤ ሁለቱም አልተንቀሳቀሱም።

የቤተ ክርስቲያኑ ደወል አሥር ሰዓት ከሩብ ደወለ። ጌዚነ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ እንዳቀፈች ቀረች።

«የጥርስ ብሩሽ አላመጣሁም» አለች።

«ሱቅ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ክፍት ነው» አላት ኮርቢኒያን። ተነሣና እጁን ዘረጋላት።