ከወዲያ በኩል የተነበበ ዳዊት

ወለተሐና መጽሐፉን ተቀብላ ገጹን ብታይ ከፊደሎቹ አንዱንም አላወቀችውም።

«እንግዲህ አንብቢያ!» አለ አጎቷ ደምመላሽ፣ የጠላ ዋንጫውን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ።

ቤቱ ጢም ብሏል። ልጅ ዳዊት ሲደግም ጎረቤት ጠርቶ ማብላት ወግ ነውና፣ አባቷ ገብረ ጻድቅ የአንኮበርን ግማሽ የጠራ ይመስል ነበር። ደምመላሽ ግን ከመዘዞ የመጣው ሊመርቅ አይደለም። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» እያለ ወንድሙን ሲወተውት ከርሞ በመጨረሻ ውል አስገብቶታል፤ በሰው ፊት ካነበበች ትምህርቷን ትቀጥላለች፣ ካላነበበች ከነገ ጀምሮ እንዝርቷን ይዛ ቤት ትቀመጣለች። ማታለል እንዳይኖር ብሎም መጽሐፉን ራሱ ገለጠው። ሀን ከለ የማይለይ ሰው ቢሆንም፣ ገጹ ላይ ያለውን የንጉሥ ዳዊትን ሥዕል አይቶ ቀጥ አድርጎ ሰጣት።

ጉዱ የመጣው ቀጥ በማለቱ ነው። በትምህርት ቤታቸው ያለው ዳዊት አንድ ብቻ ነው። መምህሩ የኔታ ኪዳነ ማርያም ጉልበታቸው ላይ ይዘረጉታል፣ ወንዶቹ በግራ በቀኛቸው ይታጨቃሉ፤ ብቸኛዋ ሴት ወለተሐና ደግሞ ፊት ለፊታቸው ትቀመጣለች። ፊደሎቹን ሁልጊዜ ያየቻቸው ከወዲያ በኩል፣ እግራቸውን ወደ ላይ ሰቅለው ነው። እንዲያ ሆነው ለመደቻቸው፣ ወደደቻቸውም። ሌላ መልክ ይኖራቸዋል ብላ አስባ አታውቅም። መጽሐፉ እጇ ሲገባም የዛሬው የመጀመሪያዋ ነበር።

የትምህርት ጓደኛዋ ዘርአ ዳዊት ዳቦውን እያላመጠ ከኋላዋ ተጠጋ።

«ምን ሆንሽ?»

«ፊደሉ ተገልብጧል።»

«አብደሻል? ደኅና ቆሟል እኮ!»

«እኔ የማውቀው ቁልቁል ነው።»

ዘርአ ዳዊት ዳቦው ሊያንቀው ምንም አልቀረው። «በይ በቃልሽ ውረጅው! እዚህ ቤት ከየኔታ በቀር የሚያነብ የለም። እሳቸውም ከዚያ ጥግ የትኛው ገጽ እንደሆነ አይታያቸውም።»

እውነቱን ነው። ወለተሐና የዳዊትን እኩሌታ በቃሏ ታውቃለች። አንዱን መዝሙር ብታንበለብለው እልልታው ይቀልጣል፣ እንዝርቱም ይቀራል። አፏን ከፈተች።

ግን ዓይኗ የኔታ ላይ ዐረፈ። የኔታ «አላውቅም» ላለ ተማሪ አንድ ጭብጥ ቆሎ የሚሰጡ፣ ያላወቀውን ያወቀ ለሚያስመስል ደግሞ ጆሮውን የሚያዞሩ ሰው ናቸው። «እግዜር ፊት ማስመሰል ምን የሚሉት ሞኝነት ነው? እሱ እንደሆነ ያውቀናል!» ይላሉ። ዘርአ ዳዊት ይህን ሥርዓት በራሱ መንገድ ነበር የተረዳው፤ ስሙን ሲጠየቅ እንኳ «አላውቅም» እያለ፣ ከዐቢይ ጾም ወፍሮ የወጣ እሱ ብቻ ነው።

ወለተሐና እንዝርቱን ፈራች፣ ሳቁንም ፈራች። እኒህ ሰው እያመኗት መዋሸት ግን ከሁሉም ባሰባት።

«የኔታ፣» አለች፣ «በዚህ በኩል ማንበብ አላውቅም።» መጽሐፉንም ገለበጠችው።

ንጉሥ ዳዊት ከነበገናው በአናቱ ተተከለ። እንግዳው ሁሉ አማተበ። ደምመላሽ ብድግ ሲል ጠላው ጋቢው ላይ ፈሰሰ።

«ያውላችሁ! እንኳን ማንበብ መያዝም አታውቅ! ንጉሡን በራሱ አቆመችው!»

አባቷ አንገቱን ደፋ። እሷ ግን ጣቷን ከገጹ ግርጌ፣ ከቀኝ ጥግ አሳርፋ ወደ ግራ፣ ከዚያም ወደ ላይ እየነዳች አነበበች። ቃሉ ጥርት ብሎ ወጣ።

«በቃሏ ነው!» ጮኸ ደምመላሽ።

የኔታ መጥተው ፊት ለፊቷ ቁጭ አሉ። «እንግዲያው መዝሙሩን ተዪውና ይህችን አንብቢልን፣» ብለው ጣታቸውን ከገጹ ጠርዝ አሳረፉ። የመጽሐፉ ጸሐፊ እዚያ ጥግ፣ በአማርኛ፣ በደቃቅ ፊደል የሞነጫጨረው ነገር ነበር።

ወለተሐና ዓይኗን አጥብባ አነበበች። «አቤቱ፣ ይህን የጻፈ ኃጥእ ገብረአማኑኤልን አስበው። ብራናው ጨረሰኝ፣ የአንኮበርም ብርድ ጣቴን አደረቀው። እሳት የሚያነድልኝ ሰው ስደድልኝ።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

«ደምመላሽ፣» አሉ የኔታ፣ «ይህንን በቃሉ የሚደግም ክርስቲያን ታውቃለህ?»

ደምመላሽ ጋቢውን እየጨመቀ ተቀመጠ።

የኔታ ወደ ወለተሐና ዞሩ። «ሦስት ዓመት ሙሉ ስታነቢ ሰማሁ እንጂ ከየት በኩል እንደምታነቢ አላየሁም። አላውቅም ነበር!» ብለው ከከረጢታቸው አንድ ጭብጥ ቆሎ ዘገኑና ወደ ገዛ አፋቸው ወረወሩት።

ገብረ ጻድቅ ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ጠረገ። «ውል ውል ነው፤ ነገም ትሄዳለች» አለ።

በማግሥቱ የኔታ ወንዶቹን ገፋ ገፋ አድርገው በቀኛቸው ቦታ አበጁላት።

«ከወዲያ ከተቀመጥሽ ዳዊት ደጋሚ ነሽ። ከወዲህ ከመጣሽ ግን ከትንንሾቹ ጋር እንደገና ከፊደል ነው የምትጀምሪው። እንደወደድሽ።»

ወንዶቹ አፋቸውን ይዘው ይንከተከታሉ። ወለተሐና የድሮ ቦታዋን አየችው፤ ፀሐይ የሚገባበት፣ የሚሞቅ ቦታ ነው። ነጠላዋን ሰብስባ አለፈችውና ከየኔታ ጎን ተቀመጠች። ጣቷንም ከላይ፣ ከግራ ጥግ አሳረፈች።

«ሀ፣» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማት ድምጿን ከፍ አድርጋ።