ድልድዩ ላይ ወራጅ አለ

እኔ የሙት መንፈስ ወሬ ሲነሳ «እባካችሁ እንቅልፌን አታባርሩብኝ» ብዬ ተከናንቤ የምተኛ ሰው ነኝ፣ ግንባር ላይም ጓዶቼ ይሄን ጠባዬን ያውቁታል፣ ስለዚህ አሁን የምነግርህን ፈጥሬ ያወራሁ እንዳይመስልህ።

አብሮኝ የዘመተው ስንታየሁ የመካኒሳ ልጅ ነው፣ ከመዝመቱ በፊት የታክሲ ረዳት ስለነበር ቀልዱ ሁሉ የታክሲ ነው። የወንዙን ድልድይ እንድንይዝ ታዘን፣ ከማዶ መትረየስ እየተንጣጣብን ጎንበስ ብለን ስንሮጥ እንኳ ከኋላዬ «ሳንሻገር ወራጅ የለም!» እያለ ይጮህ ነበር። መሃል ላይ ስንደርስ ድምፁ ተቋረጠ፣ ዞር ስል ከድልድዩ ጠርዝ ወደ ውሃው ሲወድቅ አየሁት። ድልድዩን ያዝን፣ እሱን ግን ወንዙ ወሰደው፣ አስከሬኑም አልተገኘም።

ስመለስ የእድር ሽማግሌዎች ለእናቱ ለእትዬ አስካለ መርዶ ሲነገር፣ አሟሟቱን ያየ ሰው አብሮ ይኑር አሉኝና፣ ጎህ ሲቀድ ከለቡ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ አንዲት ጠብታ የለም። መካኒሳ ልንገባ ስንል ያለችው ትንሽ ድልድይ ላይ ስንደርስ፣ ከኋላ ወንበር «ወራጅ አለ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። እመነኝ፣ የስንታየሁ ድምፅ ነው፣ ያ ጎርነን ያለው፣ ሌላ ሰው ሊሆን አይችልም። አንገቴ ደርቆ መዞር አቃተኝ። ታክሲው ቆመ፣ በሩ ተከፈተ፣ ዓይኔ በሩ ላይ ነው፣ የወረደ ሰው ግን አላየሁም። በሩ ጋ የተቀመጠች ሴትዮ ቀሚሷን እያራገፈች፣ «ምን ዓይነቱ ነው፣ ውሃውን አንጠባጥቦብኝ ወረደ» ብላ ተነጫነጨች። ወለሉን ሳይ እስከ በሩ ድረስ ረጥቧል።

ሽማግሌዎቹ መርዶውን ተናገሩ፣ እትዬ አስካለ ግን አላለቀሱም። ወደ እኔ ዞረው፣ «አንተ ልጅ፣ ሲሞት በዓይንህ አይተሃል?» አሉኝ።

አዎ ካልኩ ድንኳን ይተከላል፣ የልጃቸው ነገር በዚያው ያበቃል። የሄድኩትም ለዚሁ ነበር።

«ውሃ ውስጥ ሲወድቅ ነው ያየሁት፣ እትዬ» አልኳቸው፣ «ሲሞት አላየሁም።»

ሽማግሌዎቹ ዓይናቸውን አጉረጠረጡብኝ፣ ለቅሶውም ቀረ። ከዚያ ወዲህ እትዬ አስካለ «ውሃ የገባ ልጅ ይበርደዋል» እያሉ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ደረቅ ጋቢ ያስቀምጣሉ። ተስፋ ሰጠኋቸው ወይስ ልጃቸውን አልቅሰው እንዳይቀብሩ ከለከልኳቸው፣ እስካሁን ይከነክነኛል።

ትናንት ልጠይቃቸው ስሄድ ጋቢው ወንበሩ ላይ የለም። ግቢ ውስጥ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ውሃ ያንጠባጥባል። አጥበውት ነው ወይ ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ተውኩት፣ ወደ ለቡም በእግሬ ተመለስኩ።