የነጅሙዲን እሾህ

የፖሊስ መቶ አለቃ ጌታቸው ከሸዋ ሮቢት በላንድሮቨር ተነሥቶ ጀውሃ ወንዝ ዳር ሲደርስ ሬሳው ከወደቀበት አልተነሣም ነበር። የደኑ ባለቤት ነጅሙዲን በዛፎቹ ጥላ ሥር፣ በቫኒላ ሐረጎቹ መካከል በጎኑ ተኝቷል። ከንፈሩ ላይ አረፋ ደርቋል፤ የዓይኑ ብሌን ጠብቦ የመርፌ ቀዳዳ አክሏል። በጣቶቹ መካከል አንዲት የግራር እሾህ ይዟል።

«ጌታዬ፣ የገደለውን ሳያገኙልኝ አባዬን አፈር አያልብሱብኝ» አለች አንድ ልጁ ፋዲላ። አጭር፣ ቀጭን፣ የሃያ ዓመት ልጅ ናት።

ቀባሪዎቹ ከከሰዓት በኋላው የአሱር ሶላት በፊት እንዲያልቅላቸው ይጠብቃሉ። ጭቃ ሹሙ ግን ነገሩ ያለቀ መስሎታል። የነጅሙዲንን ጎረቤት ጋሼ ዘውዴን ከሾላ ዛፍ ጋር አስሮታል። ጭቃ ሹሙ ማሰብ ቢያታክተውም ማሰር አያታክተውም።

«ጥጥ አምራች ነው፤ መርዝ አለው» አለ ጭቃ ሹሙ። «ባለፈው ሳምንት ገበያ ላይ ስለ ደኑ ተጨቃጭቀዋል። ዛሬ ማለዳ ደግሞ ወተት አምጥቶለታል። ሌላ ምን ቀረ?»

ጌታቸው ወደ ዘውዴ ጠጋ አለ። «አቶ ዘውዴ፣ ምን ይላሉ?»

«ምንም የምለው የለኝም፣ ጌታዬ።»

ንጹሕ ሰው ይምላል፤ ጥፋተኛ ደግሞ አብዝቶ ይምላል። ይህ ሽማግሌ ግን አንዴም አልማለም፤ ዓይኑ ከፋዲላ ላይ አይነሣም። ጌታቸው ይህን ልብ አለ። የወተቱን ቅል አንሥቶ ሲያየው እስከ አፉ ሙሉ ነው፤ ክዳኑም እንደታሰረ ነው።

የሟቹ የወንድም ልጅ አብዱልወሃብ ረጅም ጎልማሳ ነው፤ ደኑ ተመንጥሮ ጥጥ እንዲሆን ሲወተውት የኖረ እሱ ነው።

«አጎቴ ጅቡቲ ወደብ ሲሠራ አንድ መርከበኛ የሐረጉን ቁራጭ ሰጠው። አራት ዓመት ጠብቆ ዘንድሮ ገና አበበለት» አለ። «አበባው አንድ ማለዳ ብቻ ነው የሚፈካው። የአገራችን ንብ አታውቀውም፤ ወንዴውንና ሴቴውን ሰው በእሾህ ካላገናኘው በማግስቱ ይረግፋል።»

«አሠራሩን አይተኸዋል?»

«ስንቴ! በግራ እጁ አበባውን ከሥሩ ይይዛል፣ በእሾሁ ያገናኛል፣ ከዚያ እሾሁን በግራ ጣቶቹ ጠርጎ ከንፈሩ ላይ ያደርጋል። ምራቅ ካልነካው የወንዴው ዱቄት እሾሁ ላይ አይያዝለትም።»

«ሞቱ ጠቅሞሃል?»

አብዱልወሃብ ተቆጣ። «ዘንድሮ ካላፈራ ደኑን ሊለቅልኝ በአላህ ስም ምሎልኝ ነበር። ባያፈራ ይጠቅመኝ ነበር። ሞቱ ምን ይሠራልኛል? ደኑን የምትወርሰው ፋዲላ ናት።»

ጌታቸው ፋዲላን ጠራት። «አባትሽን ያስቸገረው ነገር ነበር?»

«ትል። ቡቃያውን እየበላ ጨረሰበት። መድኃኒት እርጭ ሲሉት ‹መርዝ ደኔ አይገባም› ይላል። በእጁ እየለቀመ አይዘልቀው፤ ዓይኔ እያየ ሊያጣው ነበር።» እንባዋን ጠረገች። «አሁን እንኳ ትሉ የለም። አልሐምዱሊላህ።»

ጌታቸው ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ብቻውን ወደ ሐረጎቹ ገባ። ከእግሩ ሥር የሞተ ትልና የሞተ ጉንዳን ተዘርግቷል። ከራሱ በላይ ባሉት ቡቃያዎች ላይ ግን ትሉ በሕይወት ይበላል። በቅጠሎቹ ላይ የደረቀው ጠብታ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ ነው። እሾሁን ወደ አፍንጫው አስጠጋ፤ ነጭ ሽንኩርት የሚመስል ሽታ አለው። ሃያ ዓመት በፖሊስነት ሲያገለግል ያገኘውን መልሶ ለመጣል የተመኘው ያን ቀን ብቻ ነው።

ለልጅቱ ለብቻዋ ሊነግራት ፈልጎ ነበር። ጭቃ ሹሙ ግን ሕዝብ ሳይሰማ ዘውዴን አልፈታም አለ፤ ሰዉም ድንጋይ ማንሣት ጀምሯል። ሁሉም ሾላው ሥር ተሰበሰቡ።

«ወተቱ አልተከፈተም፤ በወተት አልሞተም» አለ ጌታቸው። «የገደለው የጥጥ ትል መድኃኒት ነው። ያ ነጭ ሽንኩርት የሚመስለው ሽታው እሾሁ ላይ፣ ጣቶቹ ላይ፣ ከንፈሩ ላይ አለ። መድኃኒቱን ከአበባው አንሥቶ ወደ አፉ የወሰደው ራሱ ነው።»

«ማን ረጨው?» ጮኸ ጭቃ ሹሙ።

«አቶ ዘውዴ የሚረጨው በፓምፕ ነው፤ ፓምፕ እንደ ጉም ያለብሳል። ይህ በቅጠል እስር የተርከፈከፈ ነው። ከራሴ በላይ ያለው ትል አልሞተም፤ አብዱልወሃብ ቢሆን እጁ ከዚያ በላይ ይደርስ ነበር። የረጨው አጭር ሰው ነው። ሐረጉ እንዲሞት ሳይሆን እንዲያፈራ የፈለገ ሰው ነው።»

ፋዲላ እጆቿን አየች።

«ትናንት ማታ…» አለች። «ገና ባልፈካው ላይ ነው የረጨሁት! ወላሂ! ጠዋት ሲፈካ ውስጡ ንጹሕ ይሆናል ብዬ!»

«ውስጡ ንጹሕ ነበር፣ እኅቴ። እሱ ግን አበባውን የሚይዘው ከውጭ ነው።»

አልጮኸችም። ዞር ብላ ዘውዴን አየችው። «ጋሼ፣ መድኃኒቱን የሰጡኝ እርስዎ ነዎት። ሬሳውን እንዳዩ ገብቶዎታል። ለምን ዝም አሉ?»

ሽማግሌው እጁ እንደታሰረ አለቀሰ። «እኔ ብሰቀል ያንድ ቀን ነገር ነው፣ ልጄ። ይህን ካወቅሽ ግን አንቺ የምትሰቀዪው በየማለዳው ነው።»

ጭቃ ሹሙ ገመዱን የፈታው አንገቱን ደፍቶ ነው። ጌታቸው በመዝገቡ ላይ «ድንገተኛ አደጋ» ብሎ ጻፈ፤ ነጅሙዲንም አሱር ሳያልፍ ተቀበረ።

በማግስቱ ጌታቸው ቃሏን ሊያስፈርም ሲመለስ ፋዲላን ከሐረጎቹ ሥር ቆማ አገኛት። ያልተነኩት የትናንት አበቦች መሬት ላይ ረግፈዋል። ነጅሙዲን ከመውደቁ በፊት የነካቸው ሠላሳ ሰባቱ ጠውልገዋል፤ ግን ከግንዳቸው አልተላቀቁም። አብዱልወሃብ አጠገቧ ቆሞ አንድ በአንድ ቆጠራቸው።

«ፍሬ ይዟል» አላት ቀስ ብሎ። «ያጎቴ ቃል ቃል ነው። ደኑን አልነካም፤ ያንቺ ነው።»

ፋዲላ መድኃኒቱን ስትረጭ አላህን የለመነችው ይህንኑ ነበር። ከትናንት ጀምሮ ይዛው የነበረውን ልቅሶ ያን ጊዜ ለቀቀችው፤ ከወንዙ ማዶ ጥጡን ሊኮተኩት የወጣው ዘውዴ ሰምቷት ዶማውን ጥሎ መጣ።