ሙቀቱን የነቀለው እጅ

ሄቲ ሻክልተን ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነው። ሰማንያ ሁለት ሲሞላሽ ደግሞ ሰው ዓይንሽ እያየ አንቺን ዘሎ ያንቺን ጉዳይ ለሌላ ሰው ያወራል። “ራዲያተሮቹ አይሞቁም” ስትል ማንም በሙቅ ውሃ ቤቱን ወደሚያሞቁት ብረቶች ዞር አላለም። ሁሉም ያዩት እሷን ነው።

ነገሩ የሆነው በሰሜን እንግሊዝ፣ በርንሊ ከተማ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቀው ከቆሙት የድንጋይ ቤቶች በአንዱ፣ በጥር ብርድ ነው። ከጥቅምት ወዲህ ሙቀቱ ሦስት ጊዜ ጠፍቷል። የወንድሟ ልጅ ግሌኒስ ሁለት ጊዜ ቧንቧ ሠራተኛውን ኢምቲያዝን ጠራች። ሁለቱንም ጊዜ እሱ ሲደርስ ቤቱ ሞቆ ጠበቀው። በሁለተኛው እንዲያውም ምናልባት ብሎ፣ ለራዲያተሮቹ ውሃ የሚከፍተውን የቫልቩን ሞተር በአዲስ ቀየረው። በሳምንቱ እንደገና ብርድ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ራሱ ሞቀ።

“አክስቴ፣ አንቺው ታጠፊውና ትረሺዋለሽ” አለች ግሌኒስ።

“በዕድሜ የሚመጣ ነው፤ አይጨነቁ” አለ ባሏ ጀረሚ። ከደቡብ እንግሊዝ የመጣ ለስላሳ ሰው ነው። ሲያጽናና ድምፁ ቅቤ።

ይኸው ቅቤ ለማዘጋጃ ቤቱ ደብዳቤ ጻፈ። አርብ በአራት ሰዓት አንዲት ሴት መጥታ፣ ሄቲ ብቻዋን መኖር ትችል እንደሆነ ልታይ ነው። ቤቱን በረዶ ሆኖ ካገኘችው ሄቲ ወደ አረጋውያን መጦሪያ ትሄዳለች። አርባ ስድስት ዓመት ከኖረችበት ቤት።

ረቡዕ ጠዋት ሙቀቱ ለአራተኛ ጊዜ ጠፋ።

ሄቲ አላለቀሰችም። የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ከፈተች። ይፋጃል። እንግዲያው ውሃውን የሚያሞቀው ቦይለር ደህና ነው። ፎቅ ወጥታ የልብስ ማድረቂያውን ቁምሳጥን ከፈተችና ፎጣዎቹን አነሳች። ከውሃው በርሜል አጠገብ ሁለት ቫልቮች አሉ፤ በየራሳቸው ላይ የሳሙና ቁራጭ የሚያህል ሞተር ተቀምጧል። አንዱ ሞተር ለቧንቧው ውሃ መንገድ ይከፍታል፣ ሌላው ለራዲያተሮቹ።

ሠላሳ ዓመት የሽመና ፋብሪካ ውስጥ ሠርታለች። ጆሮዋን የማሽኑ ጩኸት በልቶታል፤ መዳፏን ግን አልነካባትም። እሷና ጓደኞቿ የታመመ ማሽን የሚያውቁት በእጅ ነበር።

የግድግዳውን የሙቀት መቆጣጠሪያ እስከ ጥግ አዞረች። ተመልሳ መዳፏን በራዲያተሮቹ ሞተር ላይ አሳረፈች። ጸጥ። ንዝረት የሚባል የለም። ከጎኑ ያለችውን ትንሽ ዘንግ ገፋች። ከበደቻት፤ ስትለቃትም ተፈናጥራ ተመለሰች። ሞተሩ ቫልቩን ከፍቶት ቢሆን ዘንጓ ላልታ ትገኝ ነበር። ኢምቲያዝ ሲሞክር ቆማ አይታለች።

“አዲስ ሬሳ” አለች ለፎጣዎቹ።

ለግሌኒስ አልነገረችም። ኮቷን ደርባ እስከ ኢምቲያዝ መጋዘን ድረስ በእግሯ ሄደች።

“የሞተ ሞተር ነው የገጠምክልኝ?”

“እማማ ሄቲ! መጀመሪያ ሻይ ይጠጡ።”

“ሻይህን ተወው። አዎ ወይስ አይደለም?”

“ዓይንዎ እያየ ነው ከካርቶኑ ያወጣሁት።”

“ካርቶን ማንም ያሽጋል።”

ኢምቲያዝ የመሣሪያ ሳጥኑን አነሳ። “እንሂድ። ሌባው እኔ ከሆንኩ እዚያው ይያዙኝ።”

ከቫልቮቹ በላይ ሽቦዎቹ የሚገናኙበት ነጭ ሳጥን አለ። ክዳኑን ፈታ። መሞከሪያውን ነካ ሲያደርግ መብራቱ በራ። “ኤሌክትሪኩ እስከዚህ ይመጣል” አለ። ከዚያ ወደ ሳጥኑ ጎንበስ አለ።

“ምንድን ነው?”

“ሞተሩ ጤነኛ ነው። ወደ እሱ የሚሄደው ሽቦ ነው ከቦታው የወጣው።”

“ላልቶ?”

“ራስዎ ይዩት።”

ሌሎቹ ብሎኖች አቧራ ለብሰዋል። አንደኛው ብቻ ተፋፍቆ ያብረቀርቃል።

“ይሄ ስንት ጊዜ ተፈትቶ ስንት ጊዜ ታስሯል። እኔ ይሄን ሳጥን ነክቼው አላውቅም፤ ሞተሩንም የቀየርኩት እዚያው ቫልቩ ላይ ነው፤ ቤቱ ሞቆ እያገኘሁት ለምን እከፍተዋለሁ? ልመጣ ስል አንድ ሰው ያስረዋል። ስሄድ ይፈታዋል። እንደምመጣ የሚያውቀው ማን ነው?”

“የምትደውልልህ ግሌኒስ ናት። እሷ ያወቀችውን ጀረሚ ያውቃል። ሁለቱም የቤቴ ቁልፍ አላቸው፤ ትናንት ማታም እዚህ ነበሩ።”

ሄቲ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ግሌኒስን ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደገቻት እሷ ናት።

“እሰረው” አለች። “አርብ በአራት ሰዓት ተኩል ተመለስ። ለማንም እንዳትተነፍስ።”

አርብ በሁለት ሰዓት ተኩል ግሌኒስና ጀረሚ በራሳቸው ቁልፍ ከፍተው ገቡ። ቤቱ ይሞቃል። ግሌኒስ “ኡፍ!” ብላ ኮቷን ጣለች። ጀረሚ አላወለቀም።

ግሌኒስ ፎጣዎች አጣጥፋ ይዛ ፎቅ ወደ ቁምሳጥኑ ወጣች። እሷ ስትወርድ ጀረሚ ሽንት ቤት ብሎ ፎቅ ወጣ። ሄቲ እጇን ራዲያተሩ ላይ ጣል አድርጋ ተቀመጠች። ሦስት ሰዓት ላይ ለብ አለ። አራት ሰዓት ሲሆን ቀዘቀዘ።

ከሁለቱ አንዱ። የትኛው?

የማዘጋጃ ቤቷ ሚስ ፕራት መጣች። “ቤትዎ ሁልጊዜ እንዲህ ይቀዘቅዛል?” አለች፣ ለሕፃን እንደሚነገረው ጮክ ብላ፣ ቃሉን እየጎተተች። ግሌኒስ ሻይ ትቀዳለች። ጀረሚ “ይቅርታ፣ ስልክ” አለና ጓሮ ወጥቶ በሩን ከኋላው ዘጋ። በመስኮቱ ማዶ ቆሞ ማውራት ጀመረ።

ደቡብ ያደገ ሰው ይህን አያውቅም። የሽመና ፋብሪካ ሴቶች ማሽኑ ሲያጓራ የሚያወሩት በከንፈር ብቻ ነበር። ሄቲ ከአዳራሹ ወዲያኛው ጥግ የሚታማውን ሰው ስም ሳይቀር ታነብ ነበር። የመስኮት መስታወት ለሷ ምኗም አይደለም።

አነበበች። ፊቷ አልተለወጠም።

ጀረሚ ፈገግ ብሎ ገባ።

“ማን ነው የደወለው?” አለች።

“ከሥራ ነው፣ አክስቴ።”

“‘ጠዋት ነቅዬዋለሁ’ የሚባለው የምን ሥራ ነው?”

ፈገግታው እዚያው ደረቀ።

“‘ሴትዮዋ ቀዝቃዛ ነው ብላ ከጻፈች አለቀ። አሮጊቷ ትወጣለች፣ ግሌኒስ በያዘችው ውክልና ለሽያጩ ትፈርማለች፣ ገዢ ፈልግልኝ። አይ፣ ግሌኒስ ምንም አታውቅም።’ የዘለልኩት አለ?”

“በሩ ዝግ ነበር!” ጮኸ ጀረሚ። “አንቺ ደንቆሮ፣ በምንሽ ሰማሽኝ?”

“እርስዎ” ማለቱ የት እንደገባ እንጃ።

በሩ ተንኳኳ። ኢምቲያዝ ነው። ሁሉንም ይዞ ፎቅ ወጣና ሳጥኑን ሚስ ፕራት ፊት ከፈተው። ሽቦው ወጥቶ ተንጠልጥሏል።

“ኮትህን አውልቅ” አለች ሄቲ።

ጀረሚ አልተነቃነቀም። እጇን ኮቱ ኪስ ውስጥ የከተተችው ግሌኒስ ናት፤ ያወጣችው ትንሽ ብሎን መፍቻ ነው። መፍቻውን አየች። ባሏን አየች።

“ለምን?” አለች።

“ዞሮ ዞሮ ስትሞት ቤቱ ያንቺ አይደል? እስከ መቼ ልንጠብቅ?”

“ይህን ለፖሊስ ማሳወቅ አለብኝ” አለች ሚስ ፕራት። አሁን ሄቲን ያናገረቻት እንደ ትልቅ ሰው ነው።

“አሳውቂ” አለች ሄቲ። ወደ ጀረሚ ዞረችና መዳፏን ዘረጋች። “የቤቴን ቁልፍ።”

ጀረሚ ወርውሮ ሰጣት። መዳፏ ግን አልታጠፈም። ወደ ግሌኒስ ዞረ።

“እኔም? አክስቴ፣ እኔ እኮ አላወቅኩም!”

“አላወቅሽም። አንድ ቀን እንኳ መቆጣጠሪያውን ከፍተሽ እጅሽን ራዲያተሩ ላይ አድርገሽ ቢሆን ታውቂ ነበር። ጃጅታለች ያለው እሱ ነው፤ ያመንሽው ግን አንቺ ነሽ። ቁልፉን አምጪ። ከዛሬ ጀምሮ ስትመጪ እንደ ማንም ሰው በሩን ታንኳኪያለሽ፤ ጠንከር አድርገሽ አንኳኪ!”